ሎጎ የታተመበት የስጦታ ቸኮሌት፦ ዋጋው ከየት ነው የሚመጣው?

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው የቡናና የእህል ዋጋ ትንሽ ወጣ ይላል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር እየደጋገማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «በዓል ሲመጣ ለገዢዎቻችንና ለደንበኞቻችን የድርጅታችን ስም ያለበት ቸኮሌት እንሰጣለን። አሁን ፕሮፎርማ ስናስመጣ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አቅራቢዎቹ የካካዎ ዋጋ ነው ይሉናል። እውነት ነው ወይ?»

መልሴ፦ ትንሹ እውነት ነው፣ ትልቁ አይደለም። ቸኮሌትም እንደ ቡና ከፍሬ የሚሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ እኛ ቡና በምናሰላበት መንገድ ሊሰላ ይችላል። እስቲ አብረን እናስላው።

▪️ መጀመሪያ የገንዘቡን ልክ እንየው

«ቸኮሌት ምን አላት፣ ስጦታ አይደል» የሚል ሰው አለ። እንበልና አንድ ዩኒየን 150 ሳጥን በ15 ዶላር ሒሳብ አዘዘ። 2,250 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ቡናው ፎብ በፓውንድ 3.50 ዶላር ቢሸጥ፣ በኪሎ 7.70 ዶላር ገደማ ይመጣል። 2,250 ዶላር ለማግኘት ወደ 290 ኪሎ የተዘጋጀ ቡና መሸጥ አለበት። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ከሆነ አምስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው፤ በፈረሱላ ካሰባችሁት 17 ፈረሱላ።

ይህ ገንዘብ የሚወጣው በዓመቱ መጨረሻ ለአባል ገበሬዎች ከሚከፋፈለው ትርፍ ላይ ነው። ላኪም ብትሆኑ ያው ነው፤ ከኅዳግ ትርፋችሁ ላይ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ መከራከር ንፉግነት አይደለም።

▪️ ካካዎ ምን ሆኖ ነበር?

በ2022 እ.ኤ.አ. የካካዎ ፍሬ በኒውዮርክ ገበያ በቶን 2,500 ዶላር አካባቢ ነበር። በመጋቢት 2024 ላይ 10,000 ዶላርን አለፈ። በታኅሣሥ 2024 ከ12,000 ዶላር በላይ ወጣ። ከዚያ በ2025 ዓመቱን ሙሉ ሲወርድ ቆይቶ፣ ወደ ዓመቱ ማብቂያ 6,000 ዶላርና ከዚያም በታች ደርሷል።

ምክንያቱ ለኛ አዲስ አይደለም። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከሁለት ጎረቤት አገሮች፣ ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። በነዚህ አገሮች ዝናቡ ካለወቅቱ በዛ፣ ፍሬውን የሚያጠቁር የፈንገስ በሽታ ገባ፣ ግንድ የሚያሳብጥ ቫይረስ ዛፎቹን ጨረሰ፣ ቀጥሎ ድርቅ መጣ። ዛፉም አርጅቷል፤ ገበሬው ለዓመታት የሚከፈለው ዝቅተኛ ስለነበር ነቅሎ አልተካም። ያረጀ ቡና ጎንድሎ ማደስ ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቅ የምታውቁ ይገባችኋል።

ለዩኒየን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በኮትዲቯር የገበሬውን ዋጋ ምርቱ ሲጀመር መንግሥት ነው የሚወስነው። በ2024/25 ምርት ዘመን በኪሎ 1,800 የሴፋ ፍራንክ፣ ማለትም 3 ዶላር ገደማ ተወሰነ። በዚያው ወቅት ኒውዮርክ ላይ ኪሎው ከ12 ዶላር አለፈ። አገሪቱ አብዛኛውን ምርት አስቀድማ በውል ስለሸጠች ጭማሪው ገበሬው ጋ አልደረሰም። ቀጣዩ ዘመን ላይ ወደ 2,800 ፍራንክ ሲያሳድጉለት ደግሞ የዓለም ዋጋ ቁልቁል ጀምሮ ነበር። ስለዚህ «ካካዎ ስለተወደደ ነው» ተብላችሁ ስትከፍሉ፣ የጨመራችሁት ብር ቀጥታ ለገበሬው የደረሰ እንዳይመስላችሁ።

▪️ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካካዎ ስንት ያወጣል?

ዋናው ስሌት እዚህ ነው። 200 ግራም ቸኮሌት ያለበት ሳጥን እንውሰድ።

ከተቆላና ከተፈለፈለ በኋላ ከአንድ ኪሎ የካካዎ ፍሬ 800 ግራም ገደማ ነው የሚጠቅመው። ቀሪው ገለባና እርጥበት ነው። ስለዚህ፦

• ጥቁር ቸኮሌት፣ 70 በመቶ ካካዎ ያለው፦ 200 ግራሙ ውስጥ 140 ግራም ካካዎ አለ። ለዚህ 175 ግራም ፍሬ ይገባል። ቶኑ 2,500 ዶላር ሲሆን ይህ 44 ሳንቲም ነው። 6,000 ሲሆን 1.05 ዶላር። 12,000 ሲሆን 2.10 ዶላር።

• የወተት ቸኮሌት፣ 30 በመቶ ካካዎ ያለው፦ 75 ግራም ፍሬ ይበቃዋል። በ2,500 ወደ 19 ሳንቲም፣ በ6,000 ወደ 45 ሳንቲም፣ በ12,000 ደግሞ 90 ሳንቲም።

አያችሁ? ካካዎ ከታች እስከ ጣራው ሲወጣ፣ በጥቁሩ ሳጥን ላይ የጨመረው 1.66 ዶላር ነው። በወተቱ ላይ 71 ሳንቲም ብቻ። የመፍጫና የፋብሪካ ወጪ፣ የካካዎ ቅቤ ከፍሬው በላይ መወደዱ፣ የነጋዴው ትርፍ ሁሉ ተጨምሮ ብናጥፈው እንኳ 3 ዶላር ከምናምን ነው። ስለዚህ 9 ዶላር የነበረ ሳጥን 15 ገብቶ «ካካዎ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳ።

አንድ ነገር ግን ለአቅራቢው መፍረድ ይገባል። ፋብሪካዎች ካካዎ የሚገዙት ከወራት በፊት በውል ነው። ዛሬ የምትበሉት ቸኮሌት ውስጥ ያለው ፍሬ በዛሬ ዋጋ አልተገዛም። ስለዚህ ኒውዮርክ በወረደ በሳምንቱ ሳጥኑ ይውረድ ማለት አይቻልም። እኛም የተቆላ ቡና ዋጋ ላይ የምናየው ነው፤ ሲወጣ ቶሎ፣ ሲወርድ ቀስ። ግን ወራት እየጠበቁ ዓመት ሲያልፍ ምክንያቱ ያረጃል።

▪️ ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ?

አንደኛ፣ ምንዛሬ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ቸኮሌት ካካዎ ምንም ሳይነቃነቅ እንኳ በብር እጥፍ ሊጠጋ ይችል ነበር። ላኪ ከሆናችሁ ገቢያችሁም በዶላር ስለሆነ ይካካሳል። የአገር ውስጥ የእህል ነጋዴ ከሆናችሁ ግን ሙሉው እናንተ ላይ ነው ያረፈው። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስታወዳድሩ ሁሌም ወደ ዶላር መልሳችሁ አወዳድሩ።

ሁለተኛ፣ ሎጎው። ስም ያለበት ቸኮሌት በሦስት መንገድ ይሠራል።

1. ዝግጁ ሳጥን ላይ የታተመ ወረቀት መጠቅለል። ወጪው የማተሚያ ቤት ብቻ ነው።
2. በሚበላ ቀለም ላስቲክ ላይ ታትሞ ቸኮሌቱ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል። መካከለኛ።
3. ለናንተ ብቻ የሚሠራ ሻጋታ። ሎጎው ቸኮሌቱ ላይ ጎድጎድ ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል። ውድ።

የሻጋታ ወጪ አንዴ ነው የሚከፈለው። እንበል 300 ዶላር ነው። 50 ሳጥን ካዘዛችሁ በየሳጥኑ 6 ዶላር ጨመረ። 600 ሳጥን ካዘዛችሁ 50 ሳንቲም። የተለወጠው ካካዎው ሳይሆን የትዕዛዙ ብዛት ነው። ስለዚህ ሻጋታ የምታሠሩ ከሆነ ሻጋታው የማን ንብረት እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ መክፈል የለባችሁም። በትንሽ ቁጥር የምታዙ ከሆነ ደግሞ የቡና ፍሬ ቅርጽ ያለው ሻጋታ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ እሱን ተጠቅማችሁ ስማችሁን ሳጥኑ ላይ ብቻ አትሙ።

ሦስተኛ፣ ሳጥኑ ራሱ። ማግኔት ያለው ክዳን፣ ሪባን፣ የወርቅ ቀለም ኅትመት፣ ውስጡ የተከፋፈለ ካርቶን። ብዙ ጊዜ ይሄ ከቸኮሌቱ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ተከፋፍሎ ይምጣላችሁ፦ ቸኮሌት በኪሎ፣ ሳጥን በቁጥር፣ ኅትመት፣ ሻጋታ፣ ማጓጓዣ። ቡና ስትሸጡ ልዩነቱን ከኒውዮርክ ዋጋ ለይታችሁ እንደምትነጋገሩት ማለት ነው። «ጥቅል ዋጋ» የሚል ፕሮፎርማ ላይ አትፈርሙ።

▪️ ግሬዱን እወቁ

ቡና ሳትቀምሱ እንደማትገዙት ሁሉ ቸኮሌትንም ጀርባውን አንብቡ።

ፍሬው ሲፈጭ ወፍራም ሊጥ ይሆናል። ሲጨመቅ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፦ የካካዎ ቅቤና ዱቄቱ (ኮኮዋ የምንለው)። እውነተኛ ቸኮሌት ቅባቱ የካካዎ ቅቤ ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው ግን ዱቄቱን ይዞ ቅቤውን በፓልም ወይም በሌላ ዘይት ይተካል። ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይችላል፤ አፍ ውስጥ ግን እንደ ሰም ይቀራል። ከረሜላ የሚበላ ልጅ ላይ ችግር የለውም። ዕለት ተዕለት ሲቀምስ ለሚውል የውጭ ቡና ገዢ ግን ወዲያው ይታወቀዋል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥቁሩ «ቸኮሌት» ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ ካካዎ ይፈልጋል፣ የወተቱ 25 በመቶ። በአሜሪካ የወተት ቸኮሌት በ10 በመቶ የካካዎ ሊጥ ይበቃዋል። ዋጋው ሰማይ በወጣበት ጊዜ ብዙ አምራቾች ወይ ክብደት ቀንሰዋል ወይ ካካዎ ቀንሰዋል። በእንግሊዝ በ2025 የታወቁ ብስኩቶች ሳይቀሩ ካካዎአቸው ስለቀነሰ ስያሜያቸው «የቸኮሌት ጣዕም» ወደሚል ወርዷል። ስለዚህ አምና የወሰዳችሁት ሳጥን ዘንድሮ በዚያው ዋጋ ከመጣ ደስ ከማለት በፊት ግራሙንና በመቶውን አወዳድሩ።

▪️ ለማን? መቼ?

ለአገር ውስጥ ደንበኛ፦ ጾም አትርሱ። ለገና ብላችሁ በታኅሣሥ የምታድሉት የወተት ቸኮሌት ነቢያት ጾም ላይ ነው የሚያርፈው። ለፋሲካ ቀደም ብላችሁ ከላካችሁ ደግሞ ሁዳዴ ላይ። ሰውየው ተቀብሎ ለልጆቹ ይሰጣል፣ እናንተን የሚያስታውስበት ነገር አይኖርም። ወይ በዓሉ ዕለት ይድረስ፣ ወይ የጾም ይሁን። ለዚህ ጥቁር ቸኮሌት ጥሩ ነው፤ ግን አንዳንዱ ጥቁርም የወተት ዱቄት ስለሚገባበት ዝርዝሩን አንብቡ። «የካካዎ ቅቤ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የተክል ቅባት ነው፣ ጾም አያስፈርስም። እንቁጣጣሽ ከሁሉም ይቀላል፤ ፍልሰታ አልፏል፣ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ማየት ነው።

ለሳዑዲና ለኤምሬትስ ገዢ፦ እዚያ ቸኮሌት የእንግዳ ማክበሪያ ነው። ዒድ፣ ሠርግ፣ ልጅ ሲወለድ፣ በትሪ ተደርድሮ ይቀርባል። በ1974 እ.ኤ.አ. ቤይሩት ላይ የተጀመረው ፓቺ በባሕረ ሰላጤው ያደገው በዚሁ የስጦታ ባህል ነው። አልኮል ያለበት ሙሊት አይግባ፣ ጄላቲን ካለ ሐላል መሆኑ ይጣራ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደፊት ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን አትቁጠሩ።

ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገዢ፦ የታኅሣሥ አጋማሽ። የኛም አዲስ ምርት የሚነሳበት፣ ስለ ኮንትራት መነጋገር የሚጀመርበት ወቅት ስለሆነ ይገጥማል። ውድ አታድርጉት። በጀርመን አንድ ድርጅት ለአንድ የንግድ ሸሪኩ በዓመት የሚሰጠውን ስጦታ ከግብር ላይ የሚቀንስበት ጣሪያ ከ2024 ጀምሮ 50 ዩሮ ነው፤ ቀድሞ 35 ነበር። በአሜሪካ በሰው 25 ዶላር ነው። ይህ የሰጪው የግብር ሕግ ቢሆንም እዚያ «ልከኛ ስጦታ» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ያሳያችኋል። የገዢያችሁ ድርጅት የስጦታ ደንብ ካለው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ለጃፓን ገዢ፦ የዓመቱ ማብቂያ ስጦታ በታኅሣሥ ይሰጣል። የካቲት 14 ደግሞ ሴቶች ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይቀር ቸኮሌት የሚሰጡበት ቀን ስለሆነ የናንተ ሳጥን ይጠፋል። አራት ፍሬ ያለበት ሳጥን አትላኩ፤ በቋንቋቸው አራት ቁጥር ከሞት ጋር አንድ ድምፅ ስላለው አይወዱትም።

▪️ ሙቀት

የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። ቸኮሌቱ ግን 28 ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ችግር የለም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጅቡቲ ያው ታውቋቸዋላችሁ። ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ቸኮሌት ላዩ ነጭ ይለብሳል። አልተበላሸም፣ ግን ያየው ሰው ሻጋታ ነው የሚለው። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። መጋዘን ውስጥ ከበርበሬና ከቅመም፣ ከጆንያም ጋር አታስቀምጡት፤ ሽታ ይስባል።

ስለዚህ ለውጭ ገዢ ከዚህ አሽጎ ከመላክ እዚያው ከተማ ማሠራት ብዙ ጊዜ ይሻላል። የማጓጓዣና የጉምሩክ ጣጣ ይቀራል።

▪️ ለማን አይሰጥም

ቡናችሁን ደረጃ ለሚያወጣ፣ ለሚመዝን፣ ዕቃችሁን ለሚፈትሽ፣ ብድራችሁን ለሚያጸድቅ ሰው ቸኮሌትም ቢሆን አትላኩ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ፤ እናንተ «የበዓል ነው» ብትሉም ለሰውየው ችግር ነው የምትፈጥሩለት። ለገዢም ቢሆን ዋጋ እየተደራደራችሁ፣ ወይ የጥራት ቅሬታ ክፍት ሆኖ ሳለ አትላኩ። ውሉ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ትንሽ ሳጥን ምስጋና ነው። ከውሉ በፊት የመጣ ትልቅ ሳጥን ግን ሌላ ያስጠረጥራል።

▪️ ቡናችሁን ያሸክሙት

የኔ ዋና ምክር ይሄ ነው። የማንም ድርጅት የወርቅ ቀለም ሎጎ ያለበት ቸኮሌት ይሰጣል፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም። እናንተ ብቻ ያላችሁ ነገር ቡናው ነው።

የተቆላ ቡና በጥቁር ቸኮሌት ተሸፍኖ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ አሠራሩ የታወቀ ነው። የጉጂ ወይም የይርጋጨፌ ደረቅ ቡና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ጣዕሙ ከ60 እና 70 በመቶ ጥቁር ቸኮሌት ጋር ጥሩ ይሄዳል። ወደ ውጭ ከሆነ፣ ገዢያችሁን «ከገዛችሁን ሎት ላይ ጥቂት ኪሎ ቁሉልን» በሉትና እዚያው ካለ ቸኮሌት ሠሪ ጋር አሠሩት። ገዢው በራሱ አቆላል የተቆላውን ነው የሚሸፍነው፤ ቆይውም ደስ ይለዋል። ከሳጥኑ ክዳን በታች አንድ ካርድ፦ የጣቢያው ስም፣ ወረዳው፣ ከፍታው፣ የምርት ዘመኑ፣ የአባል ገበሬዎች ቁጥር። ገዢው ሳጥኑን ለራሱ ደንበኞች ያሳያል፤ የማስታወቂያ ሥራው እዚያ ላይ ነው የሚሠራው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ይሄ ሳምፕል አይደለም። ቸኮሌት የቡናውን ጉድለትም ይሸፍናል፣ ደግ ጎኑንም ይሸፍናል። ጥሬ ሳምፕሉ በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ፖስታ ለብቻው ይሂድ።

▪️ ፕሮፎርማ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

✔️ ስንት ግራም? ካካዎው ስንት በመቶ? ቅባቱ የካካዎ ቅቤ ነው ወይስ ዘይት?
✔️ ዋጋው ተከፋፍሎ ተጽፏል?
✔️ የአምናው ዋጋ በዶላር ስንት ነበር?
✔️ ሻጋታው የማን ነው?
✔️ የጾም ነው? ሐላል ነው?
✔️ የሚደርስበት ቀን ተጽፏል? ቢቀልጥ ወይ ቢዘገይ ማን ይከፍላል?
✔️ ቸኮሌቱ ተቀምሷል? (ፎቶ አይቀመስም።)

አቅራቢው እነዚህን በአንድ ቀን ከመለሰላችሁ ሥራውን ያውቃል። «እናንተ አታስቡ» ካለ ሌላ ፈልጉ።

ፕሮፎርማ ይዛችሁ ግራ የገባችሁ ኮሜንት ላይ ግራሙን፣ በመቶውንና ዋጋውን ጻፉልኝ (የድርጅት ስም አያስፈልግም)፣ የካካዎውን ድርሻ አስልቼ እመልሳለሁ። ለዩኒየን ሒሳብ ሠራተኞችም ሼር አድርጉላቸው። ነገ ጠዋት ወደ ሰሊጥና ቀይ ቦሎቄ እንመለሳለን። ደህና እደሩ።